በጭብጨባ ያለፈ ውሳኔና በስምምነት ያለፈ ውሳኔ

(በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ አባላት ብዛት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሥርጭት ሪፖርት ይቀርባል፤ ተገቢም ነው። ይህ ንግግር ግን በሪፖርቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የሌለውን፣ ዳሩ ግን ሰንጠረዡን የሚሞላውን ወይም የሚያጎድለውን አንድ ጉዳይ ይመለከታል። ይኸውም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር ሲወስኑ ውሳኔው የሁሉም የሚሆነው እንዴት ነው የሚለው ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ መጀመር ይሻላል። ከጣርማ በር ቁልቁል ተወርዶ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው የይፋት ቆላ 200 አባላት ያሉት አንድ መሠረታዊ ማኅበር አለ ይባል። የዓመቱ ትርፍ ተሰልቶ፣ በሕግ የሚቀነሰው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ወገን ትርፉ ለአባላት ይከፋፈል አለ፤ ሌላው ወገን መጋዘን ይሠራበት አለ። እጅ ሲቆጠር 104 ሰው መጋዘን፣ 96 ሰው ክፍፍል ሆነ። በሕጉ በኩል ነገሩ አልቋል፤ መጋዘኑ ይሠራል። በኑሮ በኩል ግን ገና አላለቀም። ማሾው ሲደርስ የእነዚያ 96 ሰዎች ምርት ወዴት ይሄዳል? መጋዘኑ ሲታቀድ የ200ውንም ምርት ይይዛል ተብሎ ነበር። ቅር ያለው ገበሬ ግን ማንንም ሳይሳደብ፣ ስብሰባም ረግጦ ሳይወጣ፣ ማሾውን በአህያ ጭኖ ለነጋዴ ይሸጣል። ሲጠየቅም “ችግር ገጥሞኝ ነው” ይላል። ማኅበሩ በግማሽ ባዶ የሆነ መጋዘን ይዞ ይቀራል። በእጅ ቆጠራ የተሸነፈ አባል በምርቱ ሌላ ድምፅ እንዳለው ሊዘነጋ አይገባም፤ ይህን ሁለተኛ ድምፅ ደግሞ የትኛውም ድምፅ ቆጣሪ አይቆጥረውም።

ይህ ሲባል ድምፅ መስጠት ይቅር ማለት አይደለም። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው መርህ ከኅብረት ሥራ መሠረቶች አንዱ ነው። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በ1844 (በአውሮፓ አቆጣጠር) 28 ሰዎች ሱቅ ከፍተው ማኅበር ካቋቋሙ ጊዜ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ተደንግጎ ነበር፤ ይህን አዋጅ በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009ም አልተሻረም። አምስት ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ የገዛውም እኩል እጁን ያወጣል። ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን እጅ ማውጣት የውይይት መደምደሚያ እንጂ ምትኩ አይደለም።

ከዚህ ላይ በዕድሜ የገፉት አባላት የሚያስታውሱት ታሪክ አለ። በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሦስት ደረጃ እንዲደራጁ ተደርጎ ነበር። መልባ፣ ወልባና ወላንድ ይባሉ ነበር። በመልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬው የግል ይሆናል፤ በወልባ በሬውም ሞፈር ቀንበሩም የጋራ ይሆናል፤ ወላንድ ደግሞ ወልባዎች ተዋህደው የሚደርሱበት የመጨረሻው ደረጃ ነበር። ስብሰባው ሞቅ ያለ፣ ጭብጨባውም የደመቀ ነበር። “ተቃውሞ ያለው?” ተብሎ ይጠየቃል፤ ዝም ይባላል፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ለሙ መሬት ለማኅበሩ ስለሚሰጥና ያልገባው ገበሬ ወደ ዳር ስለሚገፋ፣ “አልገባም” ማለት መሬትን ማጣት ሊሆን ይችል ነበር። እንግዲህ ያ ዝምታ ስምምነት ነበር ሊባል ነው?

መልሱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ተገኘ። መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ ገበሬው ከአምራቾች ማኅበር መውጣት እንደሚችል ሲፈቅድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ተከፋፈለ፣ መሬቱን ተከፋፈለ፣ ወደ ቤቱ ገባ። ለመፍረሳቸው የሚጠቀሰው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ የዋጋው፣ የኮታው፣ የጦርነቱም ጉዳይ ነበረበት። ነገር ግን ለዓመታት በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ የኖረ ነገር በሩ በተከፈተ ማግስት ከፈረሰ፣ ያ “ሙሉ ድምፅ” ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው። ተቃውሞው ነበረ፤ የሚነገርበት ቦታ ነበር ያጣው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ከደርግ ማኅበራት ቀድሞ ተመሥርቶ ከእነርሱ በኋላ የኖረ ሌላ ማኅበር አለ። ይህም በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። አቶ ዙምራ ኑሩና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው በ1964 ዓ.ም. መሠረቱት። አቶ ዙምራ ፊደል ያልቆጠሩ የገበሬ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ማታ ደግሞ የቤቱን ሥራ ብቻቸውን ሲሸከሙ አይተው “ይህ ለምን ይሆናል?” ብለው መጠየቅ እንደጀመሩ ደጋግመው ተናግረዋል። ሐሳባቸው ለአካባቢው እንግዳ ነበርና ማኅበረሰቡ ብዙ ጫና ደርሶበታል። በደርግ መጨረሻ ዓመታት አባላቱ ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዋል፤ የተመለሱትም በ1985 ዓ.ም. ነው። ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ስለነበር በእርሻ ብቻ መኖር አልቻሉም። ስለዚህ ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ።

የአውራ አምባ ሰዎች አንድ ድስት የሚበሉ፣ አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ አይደሉም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቤትና የራሱ ምድጃ አለው። ሥራው፣ ገቢው፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ የሕፃናት ማስተማሪያው ግን የጋራ ሆኖ ነው የተደራጀው። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ውስጥ ያሉ አባላት የዓመቱን ገቢ እኩል ይካፈላሉ፤ ከሳምንቱ ቀናት አንዱን ደግሞ ለአቅመ ደካሞች ይሠራሉ። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል። ሸማ ሠሪውም፣ አራሹም፣ እንግዳ ተቀባዩም እኩል መካፈላቸው ለብዙ ጎብኚ የሚገርም ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በአዋጅ አይጸናም። ሳምንት ሙሉ ደክሞ የሠራ ሰው ከእርሱ ቀለል ያለ ሥራ ከሠራው ጋር እኩል ሲካፈል ቅር የሚለው ከሆነ፣ ቅሬታው የሚሰማበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ይህን ቦታ ያበጁት ከታች ጀምረው ነው። በየቤቱ የቤተሰብ ውይይት አለ፤ በዚያ ውይይት ላይ ልጆችም ይናገራሉ፣ የአባታቸውንም ጥፋት ሳይቀር ማንሳት ይችላሉ። በቤት ያላለቀው ለዚሁ ሥራ ወደተመረጡ ሰዎች ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ በየሥራው ዘርፍ የተመረጡ ኮሚቴዎች አሉ፤ የትምህርት፣ የንጽሕና፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የጠፋ ንብረት ሳይቀር የየራሳቸው ኮሚቴ ኖሯቸዋል። ጉዳዩ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሲደርስ ስለዚህ ጉዳይ ያልሰማ፣ ያልተነጋገረ ሰው የለም። ጉባኤው አጭር የሚሆነው ረጅሙ ንግግር ቀደም ብሎ በምድጃ ዳር ስላለቀ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይወራለት ነገር፣ በአውራ አምባ ሐሳብ የሚያምን ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል እንዲሆን አለመገደዱ ነው። በመንደሩ እየኖረ ከማኅበሩ ውጪ በግሉ የሚሠራ ሰው ነበረ፤ ሐሳቡን ተቀብሎ ከሌላ ጎረቤት መካከል የሚኖርም ነበረ። መግቢያም መውጫም በር ስላለ፣ በውስጥ የቀረው ሰው “እሺ” ሲል እሺታው ዋጋ አለው። የወልባው ገበሬ እሺታ ዋጋ ያጣው በሩ ስለተዘጋ ነው። የጣርማ በር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ያ ገደል በር ባይኖረው ኖሮ ደገኛውና ቆለኛው እንዴት ይገናኙ ነበር?

አውራ አምባን ጉድለት የሌለበት አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይሆንም። መሥራች እጅግ በሚከበርበት ቦታ ሁሉ አንድ ችግር አለ፤ ሰው የተስማማው በነገሩ ነው ወይስ በሰውየው? የመሥራቹ ቃል ከተሰማ በኋላ የሚሰጥ ስምምነት ከጭብጨባ ብዙም አይርቅ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ለአውራ አምባ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ሊቀመንበሩ አስተያየቱን አስቀድሞ ተናግሮ ከዚያ “ምን ትላላችሁ?” የሚልበት መሠረታዊ ማኅበር ሁሉ ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ ነው።

አውራ አምባ በተመሠረተበት ዓመት ገደማ፣ በ1972 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በዴንማርክ አገር ሴተዳመን በሚባል ቦታ 27 ቤተሰቦች የራሳቸው ቤት ያላቸው ግን የጋራ አዳራሽ ያለበት መንደር ሠርተው ገቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1967፣ ቦዲል ግራኤ የተባለች ዴንማርካዊት ልጆች መቶ ወላጅ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ በጋዜጣ አውጥታ ነበር። (ለይፋት ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጎረቤትን ልጅ ሲያጠፋ ያልገሠጸ፣ ሲርበው ያላበላ ማን አለ?) እንዲህ ያሉ መንደሮች ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮችም ተስፋፍተዋል። በብዙዎቹ ውሳኔ የሚሰጠው በእጅ ቆጠራ ሳይሆን በስምምነት ነው። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ትናንት በድምፅ ያሸነፍከው ሰው ዛሬ ማታ አብሮህ ራት ይበላል፣ ነገም በር ለበር ትኖራላችሁ።

ከእነዚህ መንደሮች ልምድ ለገበሬ ማኅበር የሚጠቅመው አሠራሩ ነው። አባሉ “እስማማለሁ” ወይም “አልስማማም” ብቻ እንዲል አይገደድም፤ ሌላ መልስም አለ። “እኔ ይህን አልወደድኩትም፤ ቅሬታዬ ይጻፍልኝ፤ ሥራው ግን ይቀጥል፣ አላደናቅፍም” ማለት ይችላል። ይህ መልስ ብዙ ነገር ያቃልላል። ብዙ ሰው የሚፈልገው ሐሳቡ እንዲያሸንፍ ሳይሆን እንዲሰማ ነው። ከዚህ የጠነከረው መልስ “ይህ ነገር ማኅበሩን ይጎዳልና እንዳይሆን” የሚለው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን ምክንያቱን ከራሱ ጥቅም ሳይሆን ከማኅበሩ ጥቅም አንጻር የማስረዳት፣ ሌላ መፍትሔ በመፈለጉም ሥራ የመሳተፍ ግዴታ አለበት። ዝም ብሎ “እምቢ” ብሎ መቀመጥ አይፈቀድለትም።

ግዴታ ከሌለ ምን እንደሚደርስ የፖላንድ ታሪክ ይመሰክራል። በዚያ አገር ሴይም በሚባለው የመኳንንት ሸንጎ አንድ ሰው ብቻ “አልፈቅድም” ካለ ውሳኔው ሁሉ ይፈርስ ነበር። ይህ መብት በ1652 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሸንጎ ከበተነ በኋላ እየተዘወተረ ሄዶ አገሪቱ ግብር መጣልም ሠራዊት ማደራጀትም እስኪያቅታት ደረሰች። የጎረቤት ነገሥታትም አንዱን መኳንንት በገንዘብ በመግዛት ብቻ ሸንጎውን ማስቆም ቻሉ። መብቱ በ1791 ቢሻርም ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ1795 ፖላንድ በሦስት ጎረቤቶቿ ተከፋፍላ ከካርታ ጠፋች። እንግዲህ ስምምነት ሲባል የአንድ ሰው እምቢታ ሁሉን ያስር ማለት አይደለም። የጋራ መንደሮቹም ቢሆኑ በሁለት ወይም በሦስት ስብሰባ ካልተግባቡ ወደ ድምፅ የሚመለሱበት ደንብ አላቸው። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ይህ መመለሻ በአዋጁና በመተዳደሪያ ደንቡ ተቀምጦለታል።

ስምምነት ከዴንማርክ የመጣ ዕቃ እንዳልሆነ ለማወቅ ወደ ቦይ ዳር መውረድ ይበቃል። ከይፋት በስተምሥራቅ ያሉት አፋሮች ማብሎ በሚባለው ሸንጎ እስኪግባቡ ድረስ ይነጋገራሉ። በእድር፣ በሽምግልናም ያለው ሥርዓት እንዲሁ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ትምህርት የሚሰጠው የመስኖው ነው። በአማራ ክልል በባህላዊ መስኖ አካባቢ የውሃ አባት የሚባል ሰው ይመረጣል። ተራ ያወጣል፣ የቦይ ጠረጋ ቀን ይቆርጣል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። የውሃ አባት ዘበኛ የለውም፣ ማኅተምም የለውም። ሥልጣኑ ሁሉ ተጠቃሚዎቹ በተራው ላይ መስማማታቸው ነው።

የውሃ ተራ በድምፅ ብልጫ ቢወሰን ምን ይሆናል? በሮቢ ወንዝ ጠለፋ ላይ ራስጌ ያሉት 30፣ ግርጌ ያሉት 20 ቢሆኑ፣ ሠላሳዎቹ እጃቸውን አውጥተው “ውሃው አስቀድሞ ለእኛ ሽንኩርት ይድረስ” ቢሉ በሕግ ያሸንፋሉ። ነገር ግን ቦይ ሌሊት በአንድ ሰው ዶማ ይሰበራል። ሠላሳ ሰው ተራ ገብቶ ቦይ ሲጠብቅ ያድራል እንዴ? ቢያድርስ ቀን ማን ያርሳል? ግርጌ ያለው ሰው ደግሞ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ እያየ በቃለ ጉባኤ አይታገሥም። ስለዚህ አስተዋይ የውሃ አባት መጀመሪያ የሚጠይቀው ግርጌ ያለውን፣ ውሃ ዘግይቶ የሚደርሰውን ሰው ነው። “እርስዎ ስንት ቀን መቆየት ይችላሉ? ማሳዎ ስንት ቀን ይታገሣል?” ይላል። ከዚያ መልስ ተነሥቶ ተራውን ወደ ላይ ይቆጥራል። ግርጌ ያለው ከተስማማ ራስጌ ያለው የሚያጣው ትንሽ ነው፤ ግርጌ ያለው ካልተስማማ ግን ማንም ሰላም አያገኝም።

ይህ የቦይ ሥርዓት ወደ ማኅበር አዳራሽ ሊገባ የሚችል ነው። በማኅበር ውስጥም ግርጌ ያለ ሰው አለ። ከመጋዘኑ ርቆ የሚኖረው፣ ምርቱ ጥቂት የሆነው፣ ዕዳ ያለበት፣ ባሏ ሞቶ ብቻዋን የምታርሰው ሴት፣ እነዚህ በስብሰባ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም የሚሉ ናቸው። ሊቀመንበሩ አጀንዳውን ካስረዳ በኋላ በፊት ረድፍ ያሉት አዘውትረው የሚናገሩት ሰዎች እጅ ያወጣሉ። እነዚያ ሦስት አራት ሰዎች ከተናገሩ በኋላ ጉባኤው ያለቀ ያህል ነው። ንግግሩ ከኋላ ወንበር ቢጀመር፣ ሊቀመንበሩም የራሱን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ቢያቆየው፣ የሚሰማው ነገር ሌላ ይሆናል። ሴት አባላትን በተመለከተም ጉባኤው እንጀራ በሚጋገርበትና ከብት በሚገባበት ሰዓት ተጠርቶ “ሴቶች አይሳተፉም” ብሎ ሪፖርት መጻፍ ፍትሐዊ አይደለም።

“ተቃውሞ ያለው?” የሚለው ጥያቄም ቢቀየር ይበጃል። ይህ ጥያቄ ሰውን ከሕዝብ ፊት ብቻውን አቁሞ ተቃዋሚ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። “በዚህ ሐሳብ ውስጥ የሚያሰጋው ነገር ምንድን ነው?” ተብሎ ቢጠየቅ ግን ደጋፊውም ሥጋቱን ይናገራል፣ ተቃዋሚውም ሳይፈራ ሥጋቱን ይናገራል። ያ 96 ሰው መጋዘኑን ለምን አልፈለገም? ምናልባት መጋዘን ጠልቶ አይደለም። ምናልባት ሰኔ ላይ ለልጅ ልብስና ለእህል መግዣ የሚሆን ገንዘብ ስለሌለው ነው። ይህ ከታወቀ ከትርፉ ከፊሉ ተከፍሎ መጋዘኑ በሁለት ዓመት ሊሠራ ይችላል። እጅ ቆጠራ ግን ስንት ሰው እንደተቃወመ ብቻ እንጂ ለምን እንደተቃወመ አይናገርም።

የወረዳ ባለሙያዎች በዚህ በኩል የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ እሱም የጊዜ ጉዳይ ነው። “ማዳበሪያው በቀነ ገደብ ይገባል፣ ገበያው አይጠብቅም፣ አርባ ሰው እስኪስማማ ማን ይጠብቃል?” ይላሉ። እውነት ነው። የማዳበሪያ መረከቢያ ቀን፣ የመኪና ኪራይ፣ የዕለት ዋጋ እነዚህን የመሰሉት ለሥራ አመራር ኮሚቴው የተሰጡ ናቸው፤ ለእነዚህ ጉባኤ መጥራት ማኅበሩን መግደል ነው። ብዙ ሰው ሊስማማባቸው የሚገቡት ጉዳዮች በዓመት ከሦስት ከአራት አይበልጡም፤ የትርፍ አጠቃቀም፣ ትልቅ ብድር፣ ትልቅ ግንባታ፣ ከሌላ ማኅበር ጋር መዋሃድ፣ የአባል መባረር። በእነዚህ ላይ የሚባክን የሚመስለው ጊዜ አይጠፋም፤ አስቀድሞ በንግግር ያልተከፈለው ኋላ በጭቅጭቅ፣ በኦዲት ክርክርና ምርትን ወደ ሌላ በማሻገር ይከፈላል።

ለእነዚህ ለጥቂቶቹ ትልልቅ ጉዳዮች አጀንዳው ከጉባኤው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በየጎጡ ቢነገር፣ በእድር ቀንም ሆነ በቡና ላይ ቢወራበት፣ ከየጎጡ የተነሣው ሥጋት ተጽፎ ለጉባኤው ቢቀርብ፣ ጉባኤው ላይ አዲስ ጠብ አይነሣም። ቀኑም የገበያ ቀን ባይሆን ይመረጣል። በቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ ከድምፅ ቁጥሩ ቀጥሎ ያልተስማሙት አባላት ያቀረቡት ምክንያት በአጭሩ ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ይሁን፤ የፈሩት ነገር ደርሶ እንደሆነ ወይም እንዳልደረሰ በዚያ ይታያል።